አምስት ኪሎ በበግ ሚዛን

ኩሽኔት የሚለውን ቃል የተማርኩት መኪና ውስጥ ምን ምን እንዳለ ሳላውቅ ነው። መኪና ውስጥ የሚዞር ነገር ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ኳስ ወይም ሮለር ያለው የብረት ቀለበት ነው፣ እኛ ሰፈር ግን ኩሽኔት ማለት ጎማ ነበር። ሁለት ጣውላ በሚስማር ትመታለህ፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ኩሽኔት ትሰካለህ፣ በቃ መኪና አለህ፣ ከዛ ቁልቁለት አስፋልት ፈልገህ እየጮህክ መውረድ ነው፣ ድምጿ ሌላ ሰፈር ድረስ ይሰማል፣ እናቶች ከየቤቱ ወጥተው ይራገማሉ። ጋራዥ በር ላይ ተኮልኩለን "ጋሼ አሮጌ ኩሽኔት የለም?" ስንል ነው ያደግነው። ያኔ ኩሽኔቱ ከየት እንደተፈታ፣ ለምን እንደተጣለ አንዴም ጠይቀን አናውቅም፣ ከዞረልን ይበቃናል።

ዘንድሮ ግን ሁለት ኩሽኔት፣ እያንዳንዳቸው መዳፍ የማይሞሉ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያሾፉብኝ እንደነበር ደረስኩበት፣ ይሄ ጽሑፍ እሱ ነው።

ኩሽኔቶቹ የነበሩባት ሞተር ብስክሌት የአጎቴ ነበረች። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር፣ መንዝ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ፣ ድርጅቱ ዕቃውን በሐራጅ ሲሸጥ ማንም የማይፈልጋትን እሷን ገዛት። ቢኤምደብልዩ አር80 ጂ/ኤስ ናት። በፈረንጆቹ 1980 የወጣች፣ 800 ሲሲ አካባቢ፣ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ የወጡ። (50 ፈረስ የሚባለው ባሕር ወለል ላይ ነው፣ እዚህ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩቡን ያህል ፈረስ ገና ሳትነሳ ቀንስ።) ጂ/ኤስ በጀርመንኛ ዱርና መንገድ እንደማለት ነው፣ በ1981 ኡበር ኦርዮል የሚባል ፈረንሳዊ በዚችው ዓይነት ሞተር የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሸንፏል። አጎቴ ይሄን ስነግረው "እኔስ መሐል ሜዳ ደርሼ ተመልሼ የለ እንዴ" ነው ያለኝ፣ የመንዝን ክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም።

የኋላ ጎማዋን የሚያዞር ካቴና የላትም። ይሄ ነው የሷ ነገር። እንደ መኪና ትራንስሚሽን አላት፣ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚወጣው ዘንግ የኋላ ጎማውን በሚይዘው ክንድ ውስጥ፣ ቱቦ ውስጥ ማለት ነው፣ አልፎ ጎማውን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ጋ ይደርሳል፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚዞረው። ቢኤምደብልዩ ይሄን ከመጀመሪያ ሞተሩ፣ ማክስ ፍሪትስ የሚባል መሐንዲስ በ1923 ከሠራት አር32 ጀምሮ ይዞት የመጣ ነገር ነው። አቧራ አይበላውም፣ ጭቃ አያላላውም፣ በየሳምንቱ መወጠርና መቀባት የለም። ካቴና ያላቸው ጓደኞቼ እሁድ እሁድ እጃቸው ጥቁር ሆኖ ሲውል እኔ ቡና እጠጣ ነበር። ስለዚህ ምን ሆንኩ፣ ከኋላ በኩል ምንም የሚነካ ነገር የለም ብዬ ተኛሁ። ጥፋቱ እዚህ ጋ ይጀምራል።

መወላገድ የጀመረችው ጫጫና ደብረ ብርሃን መሐል ባለው ሜዳ ላይ ነው። እዛ ነፋስ አለ፣ ከጎን የሚመታ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይማ ከውርጩ ጋር ተደምሮ ጆሮ የሚቆርጥ፣ እናም ነፋሱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጎማው ነው አልኩና ጎማ ቀየርኩ። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የፊት ሹካው ላይ ገንዘብ አስከፈሉኝ፣ ፊቷ ምንም አልነበረም። ከዛ መንገዱ ነው አልኩ። መንገዱን መስደብ እንደሆነ ሁላችንም የምንችለው ነገር ነው፣ የሚቃወምህ የለም።

ጣርማ በር ግን አላስዋሸኝም። ቦታውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ ደጋው ድንገት ያልቅና ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ፣ በዛኛው አፍ ስትወጡ መሬት የለም፣ ገደል ነው፣ ደብረ ሲና ታች ትታያለች፣ ከዛ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሸዋ ሮቢት ቆላው ድረስ ይወርዳል። እዛ ጠመዝማዛ ላይ ነዳጅ ስትዘጋ የኔዋ ሞተር መጀመሪያ ኋላዋ ዝቅ ይላል። ይሄ ጤነኛ ጠባይዋ ነው፣ ትራንስሚሽን ያላት ሞተር ነዳጅ ስትሰጣት ኋላዋ ይነሳል፣ ስትዘጋ ይተኛል፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ማርሽ ክንዱን ስለሚገፋው ነው። ፋብሪካው ራሱ ኋላ በ1987 ክንዱ ላይ ሁለተኛ መገጣጠሚያ ጨምሮ ነው ያበረደው። የኔዋ ግን ዝቅ ትልና፣ ከዛ አንዴ ወደ ጎን ትረግጣለች። ትንሽ ነው፣ ጣት የማታህል፣ ግን ገደል አፋፍ ላይ ጣት የማታህል ነገር ትልቅ ናት። ደብረ ሲና ላይ ሻይ ልጠጣ ስቆም ከኋላዬ ሲከተል የነበረ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሾፌር ወርዶ መጣና "ወንድሜ፣ የኋላ ጎማህን ሌላ ሰው ነው እንዴ የሚነዳው?" አለኝ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባል የለ፣ እሱ ከሩቅ ያየውን እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ ዓመት ሙሉ አላየሁም።

ማታውኑ ቤት ስገባ በማቆሚያዋ አቆምኳትና የኋላውን ክንድ ራሱን ያዝኩ። ጎማውን ሳይሆን ክንዱን፣ ጎማውን ከያዝክ የጎማው ኩሽኔት ይሁን የክንዱ አይለይልህም። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳብ ገፋ። ቀጭ። ቀጭ። ሌላ እጄን ክንዱ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አደረግኩ፣ ቀጭታዋ ጣቴ ሥር ናት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጎማ የቀየርኩበት ብር ትዝ አለኝና ትንሽ ተቀመጥኩ።

አሁን ቆይ እነዚህ ኩሽኔቶች ምን እንደሚሠሩ ልንገራችሁ፣ ለኔ ደስ ያለኝ ክፍል ይሄ ስለሆነ። የኋላው ክንድ እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ላይ ወደ ታች ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዘው ግራና ቀኝ ሻሲው ላይ በተሰኩ ሁለት ፔርኖዎች፣ የብረት ካስማዎች፣ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ፔርኖ ጫፍ ላይ አንድ ኩሽኔት አለ። ኳስ ያለው ዓይነት አይደለም፣ ሮለሮቹ ሾጣጣ የሆኑ፣ የውስጡ ቀለበት ከነሮለሩ ለብቻው የሚወጣ፣ የውጪው ቀለበት ክንዱ ውስጥ ተጠርቅሞ የሚቀር። ሾጣጣ የሆኑት ከላይም ከጎንም የሚመጣን ክብደት እንዲችሉ ነው። ነገር ግን ሾጣጣ ስለሆኑ ልክ እንደ ቡሽ ናቸው፣ በገፋሃቸው ቁጥር ይጠብቃሉ፣ በተውካቸው ቁጥር ይላላሉ፣ ልኩን ፔርኖው ነው የሚወስነው።

እና ለምን ይበላሻሉ? የጎማ ኩሽኔት ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ ግሪሱን እያዞረ ራሱን ይቀባል። ይሄኛው አይዞርም። ክንዱ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ቢሄድ ሃያ ምናምን ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ደህና አስፋልት ላይ ደሞ ሦስት አራት ዲግሪ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷ ሮለር እዛችው ቦታዋ ላይ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። ግሪሱ ከሥሯ ተገፍቶ ይወጣል፣ ተመልሶ የሚያመጣው የለም፣ ከዛ ብረት በብረት፣ ከዛ በክረምት ትንሽ ውሃ፣ ከዛ ዝገት። በስተመጨረሻ ቀለበቱ ላይ በየሮለሩ ቦታ ልክ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመር መስመር ይቆፈራል። ብዙ ስለሠራ ሳይሆን ትንሽ ትንሽ ስለሠራ ነው የሚያልቀው። ይሄን ሳስበው ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት የሚቀመጠው ወገቤ ትዝ አለኝ፣ ይቅር።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የሞተሯን ስም ከተናገርክ ሰዉ እንደ ቅርስ ፈላጊ ነው የሚያይህ፣ "የለም" የሚለው መልስ ጥያቄህን ሳትጨርስ ይመጣል። ኩሽኔት ግን ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። 30203። ውስጡ 17 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 13 ከሩብ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ለአንድ ልጅ ሰጠሁት፣ መሰላል ላይ ወጣና ሦስት ዓይነት አመጣ፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝ። ለጀርመን ሞተር፣ ለቻይና ማሽን፣ ለእርሻ መሣሪያ፣ ኩሽኔቱ ለሱ አንድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ጽሑፉ የተጨማለቀ ነበር፣ ሁለተኛው ደህና ይመስላል ግን ሮለሩን በጣቴ ሳዞረው አሸዋ አሸዋ ይላል። ሦስተኛውን ሁለት ፍሬ ገዛሁ። ፓራኦሊዎቹን፣ ግሪሱን የሚያግዱትን የላስቲክ ቀለበቶች፣ ግን በልክ ማግኘት ብዙ ሱቅ አዞረኝ፣ የሱን ታሪክ ልዝለለው።

መፍታቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎማው በሦስት ቡሎን ነው የተያዘው፣ እንደ መኪና፣ ክንዱ አንድ ወገን ላይ ብቻ ስለሆነ ጎማዋ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። ዘይቱን ታፈሳለህ፣ አሞርዛተሩን ትነቅላለህ፣ ካምቢዮው ጋ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ፋሼታውን፣ ማሰሪያውን፣ ፈተህ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ ውስጡ ትራንስሚሽኑን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩ አራት ቡሎኖች አሉ፣ ሁሉንም ባንዴ አታገኛቸውም፣ አንዱን ፈተህ ዘንጉን ታዞራለህ ሌላው ይመጣል። ዋናው ራስ ምታት የፔርኖው መቆለፊያ ዳዶ ነው፣ 27 ቁጥር፣ ሻሲው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ፣ ገበያ ላይ ያለ ቡሶላ፣ ዳዶው ላይ የሚጠልቀው መፍቻ፣ ግድግዳው ስለሚወፍር አይገባም። ቶርኖ ቤት ወስጄ አንድ 27 ቡሶላ ዙሪያዋን አስላጭኳት። ቶርኖው ላይ ያለው ልጅ "ጋሼ ደህናውን ዕቃ ለምን ታበላሸዋለህ" እያለ ነው የሠራልኝ።

የውጪውን ቀለበት ማውጣት ግን መነገር አለበት። ቀለበቱ ክንዱ ውስጥ ተጠርቅሟል፣ ከኋላው ዝግ ነው፣ በመዶሻና በብረት የምትመታበት ጠርዝ የለም። እኔ ግማሽ ቀን በካቻቪቴ ስጨቀጭቅ ዋልኩና ክንዱን ተሸክሜ ሰፈራችን ያለው በያጅ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው አጎንብሶ አየ፣ ምንም አልተናገረም፣ ኤሌክትሮዱን ይዞ የቀለበቱን የውስጥ ፊት ዙሪያውን አንድ መስመር በየደው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ "ሻይ ጠጣ" አለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ክንዱን ገልብጦ በእንጨት አንዴ መታ ሲያደርገው ቀለበቱ ቶክ ብሎ መሬት ወደቀ። ብየዳው ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ቀለበቱን ይዞት ይጠባል፣ ጠበበ ማለት ለቀቀ ማለት ነው። ሁለተኛውንም እንደዛው። "ይሄን ማን አስተማረህ ጋሼ?" ስለው "ኤንትሬ" አለኝ፣ የድሮውን የፊያት ከባድ መኪና ማለቱ ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

አዲሶቹን ቀለበቶች ደሞ ማቀዝቀዝ ነበረብኝ፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚያንስ፣ ክንዱን ደሞ ማሞቅ። ባለቤቴ ፍሪዘሩን ስትከፍት ከቁሌቱ ጎን ሁለት የብረት ቀለበት በፌስታል አገኘች። "ይሄ ደሞ ምኑ ነው?" "የሞተሯ ነው።" "እሷም እዚህ ትደር በለኛ።" ማለዳ ክንዱን በከሰል ምድጃ አሞቅኩ፣ ምራቅ ቀባ ሲያደርጉት ቺስ እስኪል፣ ቀለበቱን ከፍሪዘር አውጥቼ አስቀመጥኩ፣ ግማሹ በራሱ ገባ፣ ቀሪውን አሮጌውን ቀለበት ላዩ ላይ አስተኝቼ በመዶሻ። ድምፁን ስሙ እሺ። እየገባ እያለ ዱብ ዱብ ነው የሚለው፣ የመቀመጫውን ወለል ሲነካ ድምፁ ይቀየርና ጥርት ይላል፣ ከዛ በኋላ አንድም አትምቱ።

ግሪሱን በጣቴ በየሮለሩ መሐል እስኪተርፍ ጠቀጠቅኩ፣ ገጠምኩ፣ ፔርኖዎቹን በአለን ቁልፍ አጠበቅኩ። እንዴት አጠበቅኩ? እንደ ጎማ ቡሎን። ዓመት ሙሉ መላላት ያስመረረው ሰው እጅ እንዴት እንደሚያጠብቅ አስቡት። ክንዱን ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ንቅንቅ የለም! ደስ አለኝና አጎቴን ጠራሁት። አጎቴ ክንዱን ከፍ አደረገና ለቀቀው። ክንዱ እዛው ቀረ። ሌላ ቦታ አደረገውና ለቀቀው፣ እዛም ቀረ።

"ይሄ ክንድ ነው ወይስ መደርደሪያ?" አለኝ።

ዲፈረንሻሉ ያን ያህል ከብዶ ሳለ ክንዱ አየር ላይ ቆሞ ይቀራል ማለት ሮለሮቹ ታንቀዋል ማለት ነው፣ እንደዛ ብነዳት አዲሱን ቀለበት በትንሽ ጊዜ እንደ አሮጌው ነበር የምቆፍረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እንደገና ፈታሁ።

መመሪያው የሚለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በ20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) አጥብቅ፣ ክንዱን እያወዛወዝክ፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ። ከዛ መልሰህ ፍታ። ከዛ በ10 ብቻ አጥብቅና እዛው ተው። 10 ኒውተን ሜትር እጅ ላይ ምንም ማለት አይደለም፣ የማርማላታ ክዳን እንደ መዝጋት ነው፣ እጄን ባምነው ኖሮ መቼም እዛ ላይ አላቆምም። ጉልበቱን የሚለካ ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች፣ ደሞ የለኝም፣ ከተማው ውስጥ ያሉት የከባድ መኪና ናቸው፣ 10 የምትል ቁጥር ላያቸው ላይ የለችም።

ጎረቤታችን በግ ነጋዴ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ የሚይዟት መንጠቆ ያላት የሞላ ሚዛን አለቻቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ኪሎ በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ዘንጉ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ኪሎ ማለት ነው፣ ለ20ው ደሞ 10 ኪሎ። በራቸውን አንኳኩቼ "ጋሼ ሚዛንዎን ቢያውሱኝ" አልኩ። "በግ ገዛህ እንዴ?" "አይ፣ ለሞተር ነው።" ዝም ብለው አዩኝና ሚዛኗን ይዘው ራሳቸው መጡ፣ ዕቃቸውን ለብቻው አይሰዱም።

ከዛ ትዕይንቱን ላሳያችሁ። እኔ የአለን ቁልፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጌ ቁልፉን እይዛለሁ፣ ጋሼ መንጠቆዋን እዛ ላይ አድርገው ቀጥ አድርገው ይስባሉ፣ ስበቱ ከቁልፉ ጋር ዘጠና ዲግሪ ካልሆነ ሚዛኗ ትዋሻለች፣ አጎቴ ክንዱን ያወዛውዛል፣ "አሥር! ፍታ!"፣ "አምስት! ተው ተው ተው!" እያሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ደሞ ክንዱ ከሻሲው ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ መሆን አለበት፣ አንዱን ፔርኖ ገፍተህ ሌላውን መልሰህ፣ ብትር በመሰለች ቀጭን ብረት እየለካህ። ጋሼ ሥራው ሲገባቸው እንዲህ አሉ፣ "አምስት ኪሎ? ይሄ እኮ የጠቦት ነው።" መቆለፊያው ዳዶ ግን 105 ይፈልጋል፣ ግማሽ ሜትር ቧንቧ ላይ 21 ኪሎ፣ እሱን ሲስቡ "አሁን ሙክት ሆነ" አሉ። ዳዶው ሲጠብቅ ፔርኖው አብሮ እንዳይዞር በአለን መያዝ ግዴታ ነው፣ ካልያዝከው ያ ሁሉ የጠቦት ሒሳብ ገደል ገባ። ሦስቴ ደጋገምነው።

ክንዱን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ቀስ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይቆም፣ በክብደቱ ወረደ። ወደ ጎን ሳብኩ፣ ምንም። አጎቴ ምንም አላለም፣ ማለትም ወዶታል።

ክንዱ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የማርሽ ዘይት፣ ሁለት ስኒ ቡና ማለት ነው፣ ይሄን የሚረሳ ሰው ትራንስሚሽኑን ያቃጥላል። አራቱን ቡሎን ከዘይት አድርቄ አሠርኩ። በሳምንቱ ደብረ ሲና ወረድኩ። ዋሻውን ወጥቼ የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሆን ብዬ ነዳጁን ዘጋሁት፣ ኋላዋ ዝቅ አለ፣ ከዛ የምትረግጣትን እርግጫ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ፣ አልመጣችም። ሁለተኛው ጥምዝ ላይም ጠበቅኩ። ዓመት ሙሉ ስሰድበው የኖርኩት መንገድ ያው መንገድ ነበር፣ ጉድጓዱም እንዳለ ነው።

ሚዛኗን ስመልስ የጋሼ የልጅ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ በር ላይ ቆሞ "አባባ አሮጌ ኩሽኔት አለው ብለውኛል" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ልነግራችሁ አልችልም፣ ሮጬ ሁለቱንም አመጣሁ፣ በጋዝ አጥቤያቸው ነበር። ልጁ አንዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ በጣቱ አዞረው፣ የውስጡ ቀለበት ከነሮለሩ ተለያይቶ እጁ ላይ ቀረ። የውጪው ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ አየ። መለሰልኝ።

"ይሄ ይፈታል። ባለ ኳሱ የለህም?"